ኩርባ በበላ ቴላዮ ተመታ

የሞተር ሳይክል የፊት ጎማ በግራ ጎኑ ብቻ ሲበላ፣ ከጎሚስታ እስከ ጋራዥ፣ ከሻይ ቤት እስከ ሞተረኞች መቆሚያ የሚሰጠው ፍርድ ከሦስት አያልፍም። አንዱ «መንገዱ ወደ ዳር ያዘነበለ ነው፤ እሱ ነው የሚበላው» ይላል። ሌላው «ቴላዮህ ተጣሟል፣ ይቃና» ይላል። ሦስተኛው ጎማውን በጣቱ እየነካካ «ጥርሱ ደካማ ነው፤ ትልልቅ ጥርስ ያለው ቀይር» ይላል። ሦስቱም በሙሉ ልብ ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያው ቢያንስ ኪስ አይነካም፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ግን አንዱ ያልታመመ ሞተር እሳት ላይ ያስጥዳል፣ አንዱ ጥሩ ጎማ አስጥሎ የባሰ ያስገዛል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህም የበላው ሌላ ነው፤ የበላው ኩርባ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ግራ የሚታጠፍ ሁሉ ወደ ቀኝ ከሚታጠፈው የበለጠ ሜትር፣ ብዙውን ጊዜም በበለጠ ፍጥነት ይታጠፋል። ሞተሩ ከፋብሪካ በወጣ በማግስቱ፣ መንገዱም እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ቢሆን፣ የፊት ጎማው ግራ ጎን ቀድሞ ያልቃል። በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አይፈለግለትም።

ከሦስቱ ፍርዶች ብልሁ የመንገዱ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። አስፋልት ሲነጠፍ ውኃ እንዳይተኛበት መሀሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ይደረጋል። ዝቅታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ በአንድ ሜትር ስፋት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በቀኝ ስለምንነዳ መንገዱ ከሥራችን ወደ ቀኝ ይወርዳል። ሞተር ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ መንገዱ ስላዘነበለ አብሮ አያዘነብልም፤ በዚህ ምክንያት ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ከመሀሉ ወደ ግራ ፈቀቅ ይላል። እስከዚህ ድረስ አንድም ስሕተት የለበትም። ጎኑንም ለይቶ ያውቃል፤ በግራ በሚነዱት በእንግሊዞች ዘንድ ቀድሞ የሚያልቀው የጎማው ቀኝ ነው፣ የእነሱም መንገድ የሚወርደው በተቃራኒው ወደ ግራ ነው። በዚህ አባባል ሞያሌ ላይ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ውስጥ የሚሠራ ሞተረኛ ጎማውም አብሮ ጎን ይለውጥበታል ማለት ነው። በሁለቱም ዓይነት አገር ትክክለኛውን ጎን የሚጠቁም ሐሳብ ማን ይጠረጥረዋል? ዕድሜው የረዘመውም ለዚህ ነው፤ ጎኑን ስላገኘ ብቻ መጠኑን የጠየቀው ሰው የለም።

እኔ መጠኑን ልጠይቅ። ከተማ ውስጥ የምናያቸው መቶና መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተሮች የፊት ጎማቸው ወደ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል፤ ፊቱ ክብ ነው፣ የክቡም ራዲየስ አራት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ 2.5 በመቶ ሲያዘነብል ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም። አራት ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ይህች ማዕዘን መሬት የሚነካውን ቦታ የምታንቀሳቅሰው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሚሊ! አሁን የተበላውን ጎማ ይመልከቱ። የተበላው ከመሀሉ አንድ ሚሊ ርቆ ነው ወይስ አንድ ጣት ርቆ? ጥፍርዎን መሀሉ ላይ አሳርፈው ወደ ግራ ቢጎትቱት ገጹ ጠፍጣፋ የሚሆነው ከሳንቲ ሜትር በላይ ከሄዱ በኋላ ነው። የመንገዱ ዝንባሌ እዚያ ድረስ እጁ አይደርስም።

ሌላም ፈተና አለው። ወንጀሉ የዝንባሌው ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በላይ ግራው የሚበላው ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ ላይ የሚውል ሞተር በሆነ ነበር፤ ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚዘረጋውን ሜዳ የሚመላለስ፣ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ዝንባሌ እየረገጠ የሚውል ሞተር። ቀጥ ያለ መንገድ ግን የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ማለቅ ነው፤ ጎማው መሀሉ ይላጋል፣ በተለይ ሞተሩን የሚገፋው የኋላው። አንድ ጎን ለይቶ የሚበላ ጎማ የመታጠፍ ሥራ የበዛበት ጎማ ነው።

እንግዲህ ወደ መታጠፉ። አራት መንገድ የሚገናኙበት አንድ ተራ መጋጠሚያ ይታሰብ። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሞተረኛ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ተከትሎ ጠበብ አድርጎ ይታጠፋል፤ የሚስለው ቅስት ስድስት ሜትር ያህል ራዲየስ አለው። ወደ ግራ የሚታጠፈው ደግሞ ከፊት የሚመጣውን አሳልፎ፣ የመጋጠሚያውን ሆድ አቋርጦ፣ ከማዶ ያለውን መሥመር ይይዛል፤ የእሱ ቅስት ራዲየስ 14 ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱም የዞሩት 90 ዲግሪ ነው። ሁለቱም ፍሬቻ አብርተዋል፣ ሁለቱም «አንድ ጊዜ ታጠፍኩ» ይላሉ። በተጋደለ ጎማ የሄዱት ርቀት ግን ለየቅል ነው፤ የቀኙ ዘጠኝ ሜትር ተኩል አይሞላም፣ የግራው 22 ሜትር ነው።

በዚህ ላይ ፍጥነት ይጨመራል። ስድስት ሜትር ራዲየስ ባለው ጠባብ መታጠፊያ አብዛኛው ሰው በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ያኔ ሞተሩ 16 ዲግሪ ያህል ይጋደላል። በሰፊው የግራ መታጠፊያ በ25 ሲሄድ ልቡ አይደነግጥም፤ ማጋደሉ ግን 19 ዲግሪ ደርሷል። በ19 ዲግሪ ያ አራት ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ጎማ መሬት የሚነካው ከመሀሉ 13 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ርቆ ነው። የመንገዱን አንድ ሚሊ ከዚህ 13 ሚሊ አጠገብ ያስቀምጡትና ተበላ የተባለውን ቦታ እንደገና ይንኩት። ጣትዎ ያረፈው የት ነው?

በቀን 50 ጊዜ ግራ፣ 50 ጊዜ ቀኝ የሚታጠፍ ዕቃ አመላላሽ ሞተረኛ ይኑር እንበል። ግራው በቀን 1,100 ሜትር፣ ቀኙ 470 ሜትር ይሠራል። በዓመት 300 ቀን ቢወጣ ግራው 330 ኪሎ ሜትር፣ ቀኙ 141 ኪሎ ሜትር ተፈጭቷል። ጎማ ቀጥ ብሎ ሲንከባለል በጣም ጥቂት ነው የሚያልቀው፤ የሚያልቀው ወደ ጎን ሲገፋ፣ ሲፈጥንና ሲቆም ነው። ጎኑ ላይ የሚያርፈው ግፊትም በግራው መታጠፊያ የበለጠ ነው፣ ምክንያቱም ማጋደሉ የበለጠ ነው። ሜትሩም በዝቶ፣ በየሜትሩ ያለው ፍጭትም በርትቶ፣ ግራው ቀድሞ ባያልቅ ነበር የሚገርመው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ከሰማኋቸው ሁሉ የማከብረውም ይህንኑ ነው። «ጠዋት ወደ ግራ የታጠፍኩበትን ማታ ስመለስ ወደ ቀኝ እታጠፍበታለሁ፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይጣፋል» ይላል ተቃዋሚው። ዲግሪው እውነት ይጣፋል። ከቤቱ ወጥቶ በዚያው መንገድ የተመለሰ ሰው ግራና ቀኝ የዞረው ዲግሪ እኩል ነው። የማይጣፋው ሜትሩ ነው፤ ጎማ ደግሞ የሚበላው በሜትር ነው።

ሩጫ የሚወድ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ400 ሜትር ውድድር የውጭኛው መም ሯጭ ለምን ከፊት ቀድሞ ይቆማል? እንዲያ ባይደረግ እኩል ዲግሪ እየዞረ ብዙ ሜትር ይሮጥ ነበርና ነው። ከአንድ መም ወደሚቀጥለው ሲወጣ በአንድ ዙር ከሰባት ሜትር በላይ ይጨመራል፤ የአሥር ሺህ ሯጮቻችን ለውስጠኛው መም የሚጋፉት ለዚህ ነው። ሞተረኛውም እንደዚሁ ነው። በቀኝ ሲነዳ፣ በግራ ኩርባ ሁሉ የውጭኛው መም ላይ ነው፤ በቀኝ ኩርባ ሁሉ የውስጠኛው ላይ። እሱን ግን ከፊት አቁሞ የሚያካክስለት ዳኛ የለም።

ተራራ ላይ ይህ ሒሳብ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚወጣውን፣ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚጠማዘዘውን መንገድ ይውሰዱ። የሁለቱ መሥመሮች መሀል ለመሀል ርቀት ሦስት ሜትር ተኩል ቢሆን፣ 180 ዲግሪ በሚዞር አንድ ጥምዝ ላይ በውጭ በኩል የሚያልፈው በውስጥ ከሚያልፈው 11 ሜትር ይበልጣል። የሚያስደንቀው ደግሞ ጥምዙ ጠባብም ይሁን ሰፊ ያቺ 11 ሜትር አለመለወጧ ነው፤ ልዩነቱን የሚወስነው የመሥመሩ ስፋትና የዞረው ዲግሪ ብቻ ነው። ወርዶ የሚመለስ ሰው በእያንዳንዱ ጥምዝ ለጎማው ግራ ጎን 11 ሜትር ትርፍ ሥራ ይሰጠዋል። በጠባቡ ጥምዝ ልዩነቱ በፍጥነትም ይገለጣል። መሀሉ 15 ሜትር ራዲየስ ባለው ጥምዝ እኩል ቢጋደሉ እንኳ የውጭኛው ከውስጠኛው 12 በመቶ ያህል ይፈጥናል። የውስጠኛው መሥመር ላይ ያለው በዚያ ላይ ዓይኑ በገደሉ ግድግዳ ይጋረድበታል፤ ከጥምዙ ጀርባ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ፍሬን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ ያልፋል። የውጭኛው አሻግሮ ያያል፤ ስላየም ያጋድላል።

አደባባዮችን ሳልረሳ። በቀኝ በሚነዳ አገር አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ነው። አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልቱን ዞሮ የሚያልፍ ሰው ሲገባና ሲወጣ አጠር አጠር ያለ የቀኝ እጥፋት ያደርጋል፤ መሀል ላይ ያለው ረጅሙ ቅስት ግን ግራ ነው። ወደ መጣበት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ዙሩን ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር የአደባባዩም ዙር፣ የመጋጠሚያውም ሰፊ ቅስት አብሮ ተገለበጠ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሞተሮች ጎማቸው በቀኝ ይበላ እንደነበር ለመናገር ጎማዎቹን ማየት አያስፈልግም።

የመንገድ ክርክር ከሌለበት የውድድር ሜዳም ማስረጃ ይገኛል። በጀርመን ያለው ዛክሰንሪንግ ከ13 ኩርባዎቹ 10ሩ ወደ ግራ ናቸው። እዚያ ለሚወዳደሩት የሞቶጂፒ ሞተሮች የሚቀርበው ጎማ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በግራ በኩል የሚጠነክር፣ በቀኝ በኩል ቶሎ የሚሞቅ ለስላሳ ውህድ ይደረግበታል፣ የፊቱን ጨምሮ። ብዙ የግራ ኩርባ በተከታታይ አልፎ ድንገት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ተወዳዳሪ የቀዘቀዘውን የጎማውን ጎን ረግጦ ይወድቃል፤ 11ኛው ኩርባ በዚህ የታወቀ ነው። ጎማ ሠሪዎቹ ወንጀለኛውን ሲፈልጉ ኩርባ ነው የቆጠሩት።

አሁን ወደ ቴላዮው። የተጣመመ ቴላዮ የለም አልልም፤ ወድቆ የተነሣ ሞተር፣ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሞተር ሊጣመም ይችላል። የተጣመመ ሞተር ግን ጎማ ከመብላቱ በፊት ራሱ ይናገራል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ካልተያዘ ቀጥ አይልም። ወደ አንድ በኩል ይጎትታል። ሌላው ቀላል ምርመራ ክር ነው። ክሩን ከኋላው ጎማ በስተኋላ አሥሮ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት መወጠር፣ የኋላውን ጎማ ጎን ሁለት ቦታ ላይ እንዲነካ አድርጎ የፊቱ በሁለቱ ክሮች መካከል እኩል መሀል ላይ መዋሉን ማየት ነው። መሀል ካልሆነ ከቴላዮ በፊት የካቴናው ማጥበቂያ ይታይ፤ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ካልተሳቡ የኋላው ጎማ ራሱ ተጣሞ ቆሟል፣ የሚስተካከለውም በሁለት ቁልፍ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ጎኑ ስለተበላ ብቻ ሞተሩን አፍርሶ፣ ብረቱን በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ «ማቃናት» ደህናውን ብረት ማበላሸት ነው። የጋለ ብረት ጥንካሬውን ያጣል፤ የተበየደበት ቦታም ይዳከማል። ሰውየው ያልተጣመመ ሞተር ይዞ ገብቶ የተጣመመ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ወር ቆይቶ ግራው እንደገና ይበላል። «ተመልሶ ተጣመመ» ይባላል ያን ጊዜ!

ወደ ጥርስ። የገበያው ትልቁ እምነት ይህ ነው፤ ጥርሱ የተለቀ ጎማ ይይዛል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ጎኑንም አይበላም። አስፋልት ላይ ሦስቱም አያስኬዱም። ደረቅ አስፋልት የሚይዘው ላስቲክ እንጂ ቦይ አይደለም፤ የውድድር ሞተሮች በደረቅ ቀን ቦይ በሌለው ልሙጥ ጎማ የሚሮጡት ለጌጥ አይደለም። በላስቲኩ ላይ ቦይ በተቆረጠ ቁጥር መሬት የሚነካው ላስቲክ ይቀንሳል፤ የቀረውም ቁርጥራጭ ሆኖ ይወዛወዛል። ረጃጅም ጥርስ ፍሬን ሲያዝ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ በጎበጠ ቁጥር አንዱ ጠርዙ መሬቱን ይፈገፍጋል፣ ይሞቃል፣ ይበላል።

ፋብሪካዎች ለትናንሽ ሞተሮች ፊት ለረጅም ዘመን የሰጡት ጎማ ምን ዓይነት እንደነበር ያስታውሱ። ዙሪያውን የሚዞሩ ቀጥ ያሉ መሥመሮች ያሉት ነው፤ ጥርስ ጥርስ ያለው የሚሰጠው ለኋላው ነበር። ይህ ስስት አይደለም። የኋላው ሥራ መግፋት ነው፤ ለመግፋት አግድም የሚቆም ጠርዝ ያስፈልገዋል። የፊቱ ሥራ መምራትና መቆም ነው፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚያግዘው ዙሪያውን የሚሄድ መሥመር ነው፣ መሥመሩም ሳይቋረጥ ስለሚዞር ፍሬን ሲያዝ የሚጎብጥ ቁርጥራጭ የለውም። ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ መንገድ ላይ ቁመቱን የተሰነጠቀ አስፋልት ሲያገኝ መሥመሩን ተከትሎ ሊቅበዘበዝ ይችላል። ቢሆንም ይህን አውልቆ ትልልቅ ጥርስ ፊት ላይ የሚያስገባ ሰው መሪው ይከብደዋል፣ ጩኸት ይገዛል፣ ጥቂት ቆይቶም አዲስ ሕመም ይገጥመዋል፤ መጋዝ የመሰለ አበላል።

ይህን የመጋዝ አበላል ከጎን መበላት ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ ጋራዦቻችን ሁለቱን አንድ ስም ነው የሚሰጧቸው። እጅዎን በጎማው ዙሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያስኬዱት ልስልስ ብሎ፣ ወደ ሌላው ሲመልሱት ጠርዝ ጠርዝ የሚል ከሆነ የመጋዝ አበላል ነው። እዚህ ላይ ነው ምክንያት መፈለግ ያለበት። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ንፋስ ነው። የብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች የፊት ጎማ 25 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚፈልገው፤ ትክክለኛው ቁጥር ሞተሩ ላይ ተለጥፏል ወይም መምሪያው ላይ ተጽፏል። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት 15 እና 25ን አይለይም። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ይሸበሸባል፣ ጥርሶቹ ይወዛወዛሉ፣ ጎን ጎኑም ከሚገባው በላይ መሬት ይነካል። ቀጥሎ የፊት አሞርዛተር ይታይ፤ ዘይቱ አልቆ ወይም አንጀቱ ደክሞ ጎማውን መሬት ላይ አስጨብጦ መያዝ ካቃተው ጎማው እየዘለለ ይረግጣል፣ የረገጠበትም ቦታ ይጎደጉዳል። የመሪው ኩሽኔታ መላላት፣ የቸርኬው ባላንስ፣ የራጂዎቹ መላላት ከዚያ ይከተላሉ። የኪሎ ሜትርም ነገር አለ፤ ምንም እንከን በሌለው ሞተር ላይ እንኳ ፍሬን የሚያበዛ ሰው ጥርሳም የፊት ጎማን በጊዜው መጋዝ ያደርገዋል።

«ክረምትስ?» ይባላል። የሐምሌን የአዲስ አበባ ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም ብለው የሚያስቡ አሉ። ጥርሱ የተለቀው ውኃውን ይገፋል፣ ያለ እሱ ሞተሩ ይንሳፈፋል ነው ክርክሩ። ውኃ ላይ መንሳፈፍ በዋናነት የመኪና ጭንቀት ነው። የመኪና ጎማ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ በፍጥነት ሲነዳ ውኃው መውጫ ያጣና ያነሣዋል። የሞተር ጎማ ጠባብና ክብ ነው፤ ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ ግራና ቀኝ ይጥለዋል። ከተማ ውስጥ በ40 እና በ50 የሚሄድ ሞተር የሚጥለው መንሳፈፍ አይደለም። የሚጥሉት የሜዳ አህያው ቀለም፣ የጉድጓድ ብረት ክዳን፣ ከከባድ መኪና የፈሰሰ ናፍጣ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከአቧራ ጋር ያቦካው ዘይት፣ በጎማ ብዛት የተወለወለ ኮብልስቶን ናቸው። ከነዚህ በአንዱም ላይ የጥርስ መተለቅ አይረዳም፤ የሚረዳው የላስቲኩ ልስላሴና የእጅ ቁጥብነት ነው። ቦይ ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቀጭኑን የውኃ ሽፋን ከላስቲኩ ሥር የሚያስወጣው ቦይ ነው፤ ለዚህም ነው በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ የሚከለከለው። ለዚያ ሥራ ግን ጥቂት የታሰበባቸው ቦዮች ይበቃሉ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር፣ ከጉዳዩ ትንሽ ቢወጣም። ጎማ ሲገዛ ጥርሱን በጥፍር ከመለካት በፊት ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ማንበብ ይጠቅማል፤ 2319 የሚል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ለጥርስ ብቻ የሚሸምት ሰው እንዲህ ያለውን በደስታ ይገዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደገዛ ያውቃል።

የምቀበለው አንድ ቦታ አለ። አስፋልት በሌለበት፣ ጭቃ እስከ ቸርኬ በሚደርስበት፣ ኮረትና አሸዋ በሚያዳልጥበት የገጠር መንገድ ትልልቅ ጥርስ መብት አለው። ጥርሱ እዚያ ለስላሳው መሬት ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ መሥመር ያለው ጎማ በጭቃ ተለስኖ ይቀራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የግብርና ባለሙያ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚወስዳት ሞተር እንዲህ ያለ ጎማ ትፈልጋለች። ቦሌና መገናኛ መካከል የሚመላለሰው ግን ምን ጭቃ አለበት?

ቀሪው ጥያቄ የመገልበጥ ነው። ብዙ ጎሚስታዎች ግራው የተበላውን ጎማ ከቸርኬው አውልቀው አዙረው ያስገቡታል፤ ያልተበላው ቀኝ ወደ ግራ ይመጣል፣ ጎማውም ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።  የጎማው ጎን ላይ የመዞሪያ ቀስት ከሌለ እኔም ገልብጡት እላለሁ፣ ጎኑ ጨርሶ ሳያልቅ፣ ዕድሜው ሲጋመስ። ቀስት ካለው ግን አይገለበጥም። ቀስቱ የውኃ ብቻ አይደለም። የጎማው የላይኛ ላስቲክ ሁለት ጫፉ ተደራርቦ የሚጣበቅበት መገጣጠሚያ አለው፤ የኋላው ጎማ ትልቁ ጭነት መግፋት፣ የፊቱ ትልቁ ጭነት ፍሬን ስለሆነ መገጣጠሚያውን የሚጎትተው ኃይል በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ነው። አንዳንዱ ጎማ ፊት ሲገባ በዚህ፣ ኋላ ሲገባ በዚያ የሚሉ ሁለት ቀስቶች የሚይዘው ለዚህ ነው። የፊት ጎማው ቦይ ከኋላው አንጻር የተገለበጠ መስሎት «ፋብሪካው ተሳስቷል» ብሎ የሚያዞረውም ጎሚስታ ቀስቱን ቢያይ ይበቃዋል።

ቀስት ያለው ጎማ የያዘ ሰው ግራው ሲያልቅ ይቀይረዋል፣ ቀኙ ገና ጥርስ ቢኖረውም። መሀል ቦይ ውስጥ ያለችው የማለቅ ምልክት ገና አልተነካችም ብሎ መቆየት አይቻልም፤ ምልክቷ ብዙ ጊዜ ያለችው መሀል ነው፣ ሰውየው የሚጋደለው ግን በጎን ነው። ቀኙ ላይ የቀረው ላስቲክ ያንገበግባል፤ አውቃለሁ። ለቴላዮ ማቃኛ ሊከፈል የነበረው ብር ግን ሌላ የፊት ጎማ ይገዛል፣ የንፋስ መለኪያም ይጨመርበታል።